ለነፍሰ ጡር ወንበር፦ ደንብ ይውጣለት ወይስ ለይሉኝታ ይተው?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ባሕር ዳር ውስጥ በሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲ በር ላይ ያለውን ግፊያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ እህታችን ያቀረበችው ሐሳብ ይህ ነው፦ ነፍሰ ጡር ያለ ሰልፍ ትግባ፤ ከሹፌሩ ኋላ ካለው ረድፍ ወንበር ይሰጣት፤ ይህንም ረዳቱ ያስፈጽም። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን ጻፉ። ስድብ እሰርዛለሁ።

የሚኒባስ ሹፌር፦
ሐሳቡን አልጠላሁም፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ነፍሰ ጡር ትመጣ ይሆናል ብዬ አንድ ወንበር ባዶ ይዤ ከጊዮርጊስ ዓባይ ማዶ ብመላለስ ነዳጁን የሚሸፍንልኝ የለም። ደግሞስ ረዳቱ በምን ያውቃል? አንዱ ረዳት ሞላ ያለችን ሴት «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ቅደሚ» ብሎ እስክትወርድ ስትረግመው ሰምቻለሁ።

ሐሳቡን ያቀረበችው፦
ባዶ ወንበር ያዙ አላልኩም፤ በሩ ሲከፈት ትቅደም ነው ያልኩት። ግፊያው ሲጀመር የሰው ክርን የሚያርፈው ሆድ ላይ ነው። ያንን ፈርታ ወደኋላ ያለች ሴት የሚተርፋት በበሩ በኩል ያለው ታጣፊ ወንበር ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ከኋላ አንድ ሰው በወረደ ቁጥር ተነሥቶ፣ ወንበሩን አጥፎ፣ መሬት ወርዶ ይቆማል፤ እንደገና ይወጣል። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ይህን ስታደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ቤቷ አትቀመጥም?» የሚል አይጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለዷ በፊት የሚሰጣት ፈቃድ 30 ቀን ነው፤ 90ው ከወለደች በኋላ ነው። ስለዚህ እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ ከእናንተ ጋር እየተጋፋች ሥራ ትገባለች።

የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ፦
ሆዷ ገፍቶ ለሚታይ ማንም ይነሣል። «የሁለት ወር ነኝ» ለምትለውስ? ይህን ማንም ሊል ይችላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች ቦርሳቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ምልክት አላት። እኛም ጤና ጣቢያ ላይ ብናድል ጭቅጭቁ ይቀራል።

አዋላጅ ነርስ፦
ወንድሜ፣ የሁለት ወሯ ከስምንት ወሯ የባሰ ልትቸገር ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት የደም ሥሮች ስለሚላሉ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ ማቅለሽለሹ ሲጨመርበት ቆማ ስትጠብቅ ራሷን ልትስት ትችላለች። ምልክቱ ጃፓን ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ብዙ ሴት የመጀመሪያዎቹን ወራት ትደብቃለች። ለአማቷ ያልነገረችውን ቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላ ለሚኒባስ ሙሉ ሰው ትንገር?

ስለ ወንበሩ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ስትከራከሩ ማንም አላነሣውም። የመጨረሻው ረድፍ ከኋላ ጎማ በላይ ወይም አልፎ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ የሚያነጥረው እሱ ነው። ጋቢና ይለሰልሳል፤ ክብር መስሏችሁ እዚያ ታስቀምጧታላችሁ፤ ግጭት ቢመጣ ግን ፊት ለፊት የምትመታው እሷ ናት። ጋቢና ከገባች ቀበቶ ትሠር፦ የታችኛው ከሆድ ሥር ዳሌዋ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል። ቀበቶው ከተበጠሰ ወይም ከመቀመጫው ሥር ከተቀበረ መካከለኛው ረድፍ ይሻላታል።

የባጃጅ ሹፌር፦
ባጃጅ ላይ ወንበር አያጣላንም። የሚያጣላን የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ነው። ቀስ ብዬ ስሄድ ከኋላ ያለው «ረፈደብኝ» ይለኛል፤ ነፍሰ ጡሯ ዝም ትላለች።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጆቼ፣ ደንብ ከገባበት ሰው የሚነሣው ቅጣት ፈርቶ ነው። እኛ ስናድግ ለነፍሰ ጡር መነሣት ማንም አላዘዘንም። ተነሥተን «በሰላም ያገላግልሽ» እንል ነበር፤ እሷም ትመርቀን ነበር። ይህን በደብዳቤ ማዘዝ ይሉኝታችንን መግደል ነው።

ሐሳቡን ያቀረበችው፦
አባቴ፣ ምርቃቱ እኔም ደርሶኛል፤ ከገባሁ በኋላ ሰው ይነሣልኛል። ነገር ግን ይሉኝታ የሚሠራው ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ነው። በሩ ላይ የሚታየኝ የሰው ጀርባ ብቻ ነው። የሰውን ጀርባ መታ መታ አድርጌ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ማለት ለእኔ ልመና ነው። ደንቡን የፈለግሁት የሚጠይቅልኝ ሌላ ሰው እንዲኖር ነው። ለተማሪው ደግሞ፦ አንዷ ዋሽታ ብትቀድምህ የምታጣው አንድ ታክሲ ነው።

የቡድኑ አስተባባሪ፦
እኔ ወደ እሷ አደላለሁ። ሹፌሩ ግን ስለ ረዳቱ የሠጋው እውነቱን ነው፤ ረዳት ሆድ እያየ መገመት የለበትም። ተራ አስከባሪው በሩ ከመከፈቱ በፊት «ነፍሰ ጡር ካለች ትቅደም» ብሎ ቢጣራስ? የፈለገች እጇን ታወጣለች።

የሚኒባስ ሹፌር፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ምንም አያስከፍለኝም። ረዳቴንም አዝዘዋለሁ። ግን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓባይ ማዶ ተራ ኑና እዩ፤ ተራ አስከባሪውን ራሱን ገፍተው ነው የሚገቡት። መጀመሪያ ለእሱ የሚያስከብርለት ፈልጉ።