ቤርጋሞት በአማርኛ ምን ይባላል? «ኖታ»ስ?

የሂርማታዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትናንት እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ሽቶ ልገዛ ገባሁ። ሻጩ ወረቀት ላይ ነፋ አደረገልኝና «ይሄ የቤርጋሞት ኖታ አለው» አለኝ። ሳሸተው ደስ አለኝ። ሎሚ ይመስላል፣ ግን ሎሚ አይደለም። አበባ አበባም ይላል። ለመሆኑ ቤርጋሞት የአማርኛ ስም አለው? «ኖታ»ስ ለሽታ ይሆናል? እኔ «የሽቶ ሎሚ» ብንለውስ ብዬ አሰብኩ።

የጅሬን ልጅ፦
እህቴ፣ ከፍሬው ልጀምር። ቤርጋሞት የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። በብዛት የሚበቅለው በደቡብ ጣሊያን ጫፍ፣ በካላብሪያ ባሕር ዳርቻ ነው። ጭማቂው ይመራል፣ ይኮመጥጣል። እንደ ብርቱካን ልጠው አይበሉትም። የሚፈለገው ልጣጩ ነው። ሽቶ የሚሆነው ዘይት እዚያ ነው ያለው፤ ያለ እሳት ጨምቀው ያወጡታል።

ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤ ቁልቁለት ላይ ጠመዝማዛው ሲጀምር፣ አንዲት እናት ከቦርሳቸው ሎሚ ያወጣሉ። በጥፍራቸው ጫር አድርገው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ሎሚው አልተቆረጠም፣ አልተጨመቀም። ግን አካባቢውን ያውደዋል፤ የዞረበትም ሰው ነፍሱ መለስ ይላል። ከጥፍራቸው ሥር ብን ያለው የልጣጩ ዘይት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሁሉም የሚጠቅሰው ስለ መተባበር ሲያወራ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው «ጌጡ» ላይ ነው። ለምን ምግቡ አላለም? ለምን መድኃኒቱ አላለም? ሎሚ በእጅ ተይዞ የሚሸተት ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የሚወረውረውም ሎሚ ነው። ቋንቋችን ሎሚን ከወጥ ቤት ይልቅ ከሽቶ ጋር ያስቀመጠበት ቦታ አለ።

ታዲያ ቤርጋሞት በምን ይለያል? የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላዩ ሊሞኒን የሚባል ነገር ነው። በቤርጋሞት ግን ሊሞኒን ከግማሽ ያነሰ ነው። ከቀረው ብዙውን የያዙት ሊናሊል አሲቴትና ሊናሎል ናቸው። ሁለቱም ላቬንደር አበባ ውስጥ አሉ። አበባ አበባ ያለሽ ከዚያ የተነሳ ነው። ሊናሎልን ደግሞ ከጓዳሽ ታውቂዋለሽ፤ የድምብላል ዘይት ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። ዛሬ ማታ ሞክሪው። ድምብላል ወቀጥ አድርጊ፣ የሎሚ ልጣጭ በጥፍርሽ ጫር አድርጊና አንድ ላይ አሽቻቸው። ልክ ቤርጋሞት አይሆንም። ደጃፉ ድረስ ግን ያደርስሻል።

«የሽቶ ሎሚ» አልተዋጠልኝም፤ ሎሚውም ራሱ ሽቶ ውስጥ ይገባልና። ቤርጋሞት ብለን እንተወው። ስሙን አንዳንዶች በሰሜን ጣሊያን ካለችው ከቤርጋሞ ከተማ ያመጡታል። ሌሎች ከቱርክኛው «ቤግ አርሙዱ» ነው ይላሉ፤ የጌታ ፒር ማለት ነው፤ ፒር ፍሬ ነው። ባዕድ ቃል ነው ብለን አንፍራው። ብርቱካን ራሱ የፖርቱጋል ስም ነው፤ በዐረብኛ በኩል ነው የደረሰን። ዛሬ ማን ባዕድ ይለዋል?

ቡና ቀማሹ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ጅማ ይህን ቃል የምንሰማው ሽቶ ቤት ብቻ አይደለም። እኛም ቡና ስንቀምስ ቅጹ ላይ እንጽፈዋለን፤ በተለይ ለታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና። ጌሻ የሚባለው ቡናም አለ። ዘሩ በፈረንጆች 1930ዎቹ ከኛው ደቡብ ምዕራብ ደን ወጣ። በፈረንጆች 2004 ፓናማ ላይ ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ። ስለ እሱ ሲወራ ጃስሚንና ቤርጋሞት ከአፍ አይጠፉም። እኔ ግን ፍሬውን ሳላውቅ ስሙን ለዓመታት ጽፌያለሁ። የገባኝ ኧርል ግሬይ ሻይ የጠጣሁ ቀን ነው። ሻዩን እንዲያ የሚያደርገው ቤርጋሞት ነው።

አንድ ሐሳብ ላምጣ። ሽቶ ሠሪዎች የሽቶን ሽታ በሦስት ይከፍሉታል፦ መጀመሪያ የሚመጣው፣ መሐል ያለው፣ መጨረሻ የሚቀረው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብንላቸውስ?

የጅሬን ልጅ፦
ሐሳቡ ልቤን ነክቶታል፤ ግን አይገጥምም። ቡናው ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል። ሽቶው ግን ተቃራኒ ነው። መጨረሻ የሚቀረው ከባዱ ነው፦ እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ቫኒላው። ቤርጋሞት ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይተናል። ቀድሞ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል። ቢሆንም ከባዶቹን ሽታዎች ብርሃን ያለብሳቸዋል። በፈረንጆች 1709 ጀርመን ኮሎኝ ከተማ የተቋቋመው የፋሪና ቤት ሽቶ በዓለም የታወቀው በዚሁ ፍካት ነው። «ኮሎኝ» የምንለው ቃልም ከዚያችው ከተማ የመጣ ነው።

«ኖታ»ን ግን ልንተካው እንችላለን። «ቃና» አለን። ጠላው ቃናው ተበላሸ እንላለን። የድምፁ ቃና እንላለን። ጣዕምም፣ ሽታም፣ ድምፅም በአንድ ቃል። ሽቶ ሠሪዎቹ «ኖታ»ን ከሙዚቃ መዋስ ነበረባቸው። የኛ ቃና ግን ድሮውንም ሁለቱም ቤት ይኖራል። ስለዚህ «የቤርጋሞት ቃና አለው» በይ። ለቡናውም ይሆናል።

ደግሞ ጥሬውን ዘይት ቆዳሽ ላይ አድርገሽ ፀሐይ እንዳትወጪ። ቤርጋፕተን የሚባል ነገር አለው፤ ስሙም ከፍሬው የወጣ ነው። ከፀሐይ ጋር ቆዳ ያቃጥላል። ለሽቶ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ ያጣሩለታል።

ቡና ቀማሹ፦
ቃና! ይሄን ከነገ ጀምሮ ቅጹ ላይ እጽፈዋለሁ።

የሂርማታዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድምብላሉንና ልጣጩን ሞከርኩት። እማዬ ከሳሎን ሆና «ምንድን ነው ቤቱን ያወደው?» አለች። «የሸተተው» አላለችም። «ያወደው» ነው ያለችው። አሁን ደግሞ የሁለቱን ልዩነት መጠየቅ አማረኝ።