«ሙቀቱ ይበቃል» ተብሎ ካኖፒ በጂግሶው ይቆረጣል?

የከዚራው፦
ትናንት ማታ እዚህ ልጆቹ ራሳቸው ስለሚሠሩት አውሮፕላን ሲወራ አንድ ሰው «ድሬ ላይ አክሪሊክ ለመቁረጥ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሙቀቱ ይበቃል፣ በጂግሶው መጋዝ ይጨርሱት» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስንቱ «ልክ ነው» እያለ አለፈ! አቦ እንዲህ አይባልም። ያ ካኖፒ፣ ከአብራሪው ራስ በላይ የሚገጠመው መስታወት መሰል የአክሪሊክ ፕላስቲክ ሽፋን፣ አንድ ብቻ ነው፤ በስንት ልመና ነው ከውጭ የገባው። ቢሰነጠቅ ዶላሩን ማን ይሰጣቸዋል? ልጆቹ እዚህ የሚጻፈውን እንደሚያነቡ እያወቃችሁ እንዴት እንዲህ ትመክራላችሁ?

ሳቢያን፦
«አንድ ሰው» የተባልኩት እኔ ነኝ። ያልኩትን አላነሳም። አክሪሊክን የሚሰነጥቀው ብርድ ነው። በብርድ አገር አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ካኖፒ ከመንካታቸው በፊት ክፍሉን በማሞቂያ የሚያሞቁት ለዚህ ነው። እኛ ግንቦት ላይ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ አለን። ለሱቅ ማስታወቂያ የምሠራበትን አክሪሊክ ሁሉ በጂግሶው ነው የምቆርጠው፤ ተሰንጥቆ የተመለሰልኝ የለም። ከሥራዬ ተነስቼ ነው የተናገርኩት።

ቶርኖ ቤት፦
ስለ ብርዱ ልክ ብለሃል ልጄ። ጠቡ «ይበቃል» ያልከው ላይ ነው። ያንተ አክሪሊክ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ታስተኛዋለህ፣ በሞርሳ ታስረዋለህ። ካኖፒ ግን በሙቀት ተነፍቶ ቅርጽ የያዘ ነው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የሚያስተኛው ጠረጴዛም የለም። ጂግሶው ምላጩ ወደ ላይ ሲመጣ ፕላስቲኩን ይዞ ያነሳዋል፣ ሲመለስ ይደበድበዋል። በዚያ መሀል አንድ ጥርስ ዳሩን ከገመጠው ስንጥቁ መነሻ አገኘ ማለት ነው። በቆረጥክበት ቀን ላታየው ትችላለህ። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ፣ ወይ አየር ላይ ንዝረት ሲመጣ ነው የሚሄደው።

ሳቢያን፦
ታዲያ በምን ይቆረጥ? በጥርሳችን?

የከዚራው፦
በዲስክ። ቫንስ የሚባለው፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን የአውሮፕላን ኪት የሚሸጠው የአሜሪካ አምራች፣ የአርቪ አውሮፕላኖችን ካኖፒ የሚያስቆርጠው በቀጭን የድንጋይ ዲስክ ነው። ዲስክ ጥርስ የለውም፣ ይፍቃል እንጂ አይነክስም። 75 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ዲስክ በአየር በሚሠራ ትንሽ መፍጫ ላይ ታስራለህ። መጀመሪያ መስመሩን በስሱ ታሄድበታለህ፣ ከዚያ ደግመህ ደጋግመህ ታጠልቀዋለህ።

መጋላ ገበያ፦
ግራይንደር ማንም ቤት አለ፣ ታይዋን ገበያ ሞልቷል። ለምን በእሱ አይቆርጡትም?

ቶርኖ ቤት፦
የለም የለም፣ ትልቁን ግራይንደር ማንም እንዳያስጠጋ! 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ዙር ይዞራል። ክብደቱም እጅ ያደክማል። አክሪሊክ 100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ዲስኩ አንድ ቦታ ከቆመ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ከኋላ መልሶ ይጣበቃል፣ ዲስኩንም ይይዘዋል። ቀኑ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ወደ መቅለጡ ቶሎ ይደርሳል። ሳቢያን፣ «ይበቃል» ያልከው ሙቀት እዚህ ጋ ይከፋል እንጂ አይረዳም።

ሳቢያን፦
ጋሼ፣ ከ35 ተነስቶ መቶ መድረስና ከ20 ተነስቶ መድረስ ያን ያህል ልዩነት አለው? ሙቀቱን ነገር ሁሉ ላይ አታላኩ። ደግሞ የአየር መፍጫ ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ ኮምፕሬሰር መብራት ይፈልጋል። መስመሩ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

የከዚራው፦
ቢጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ይቀጥላል። በስሱ የተፋቀ መስመር ግማሽ ላይ ቢቆም ምንም አይሆንም። ጂግሶው ግን መሀል ላይ ሲቆም ምላጩ እዚያው ተነክሶ ይቀራል፤ ሲነሳ ደግሞ አንዴ ይመታል።

አሸዋ ሜዳ፦
በሌዘር ለምን አይሆንም? ማስታወቂያ ቤቶች ጋ አለ፣ ዳሩን እንደ መስታወት አለስልሶ ነው የሚያወጣው።

መምህርት፦
መጀመሪያ ነገር የሌዘሩ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ስለሆነ ካኖፒ አይገባበትም። ሁለተኛው ይብሳል። ሌዘር የቆረጠው ዳር ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን በሙቀት የተወጠረ ነው። አልኮል ወይ ቤንዚን ሲነካው በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። ልጆቹን የምለምነው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ካኖፒውን በቤንዚን፣ በአሴቶን ወይም አሞኒያ ባለው የመስታወት ማጽጃ እንዳይጠርጉት። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

ሳቢያን፦
አየሽ መምህርት፣ አንቺም «ይበቃል» ትያለሽ።

መምህርት፦
እኔ ያልኩት ለማጠብ ነው። አንተ ያልከው ሰው ጭንቅላቱን ከሥሩ አድርጎ ለሚበርበት ነገር ነው።

ጀጎል፦
እኛ ሐረሮች ከ1,800 ሜትር በላይ ነን፣ ጠዋት ይበርደናል፤ ሥራው ለድሬ ቢሰጥ አልቃወምም። ግን ስለ መቁረጥ ብቻ ነው የምትጨቃጨቁት። ካኖፒው ከአልሙኒየም ክፈፉ ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቀዳዳስ? አክሪሊክ ከአልሙኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። አንድ ሜትር ዳር በ20 ዲግሪ ልዩነት አክሪሊኩ 1.4 ሚሊ ሜትር ሲሰበሰብ አልሙኒየሙ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ድሬ ቀትር ላይ ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ ልክክ አድርጋችሁ ብትበሱት፣ አውሮፕላኑ ከድሬ 3,000 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ 20 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ያኔ እያንዳንዱ ብሎን ካኖፒውን ይዞ ይስበዋል። ለዚህ ነው ቀዳዳው ከብሎኑ መስፋት ያለበት።

የከዚራው፦
ይኸው! ሙቀት ለመቁረጥ ያግዛል፣ ለመብሳት ግን ያታልላል። ይህን ነው ትናንት ማንም ያልተናገረው።

ቶርኖ ቤት፦
መብሻውን፣ ፑንታውንም እንዳገኙት እንዳያስገቡት። ለብረት የተሠራ ፑንታ ጫፉ 118 ዲግሪ ነው፣ ይነክሳል፤ በተለይ ከወዲያ ሲወጣ ዳሩን ይፈነቅለዋል። ለአክሪሊክ ወደ 60 ዲግሪ ይሳላል፣ የመቁረጫው ጠርዝም ትንሽ ይደፈጠጣል፣ እንዲፍቅ። ከሥሩ እንጨት ይደረግለታል። ይህን እኛ የባቡር አቴሊየ፣ የባቡሩ መጠገኛ ወርክሾፕ፣ ውስጥ ካደጉ ሰዎች ነው የተማርነው። ድሬ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማ የሆነችው ከእነሱ ጋር ነው፤ ዛሬ አንድ ወጣት ተነስቶ «ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም» ሲል ያመኛል።

ሳቢያን፦
አቴሊየውን ማን ሰደበ? የእኔም አባት እዚያ ነው የኖረው። አባቴ ከሌለው መሣሪያ መሣሪያ ፈጥሮ ነበር የሚሠራው። እናንተ ግን እያንዳንዱን ነገር «ከአሜሪካ መመሪያ» ስትሉ እነዚህ ልጆች ዲስክ እስኪመጣ ተቀምጠው እንዲያረጁ ነው የምታደርጉት።

ቶርኖ ቤት፦
አባትህን አውቃለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከመቁረጣቸው በፊት ሦስቴ የሚለኩ ሰው ነበሩ። ፑንታ ሳይስሉ ብረት አይነኩም ነበር። ዲስኳ ቀላል ዕቃ ናት፣ ልጆቹን አታስረጅም፤ እኔ ጋ አለች፣ መጥተው ይውሰዱ።

መጋላ ገበያ፦
ከተቆረጠ በኋላ ዳሩ እንዲሁ ይተዋል?

መምህርት፦
በፍጹም። ሞረድ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ 120፣ 240፣ 400 እያሉ ጭረቱ እስኪጠፋ። ጥጉም ክብ መሆን አለበት፤ ሹል ጥግ ካለ ስንጥቁ ከዚያ ነው የሚነሳው። መከላከያ ወረቀቱን ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ አትላጡት። መነጽር ማድረግም አይረሳ።

ሳቢያን፦
እሺ፣ አንድ ነገር ልበል። ካኖፒው ሲመጣ ዙሪያው ላይ የሚጣል ትርፍ ዳር አለው። እሁድ ጂግሶዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ምላጭ ነው፣ ከሥሩ ቴፕ አድርጌ ትርፉ ላይ እቆርጣለሁ። ጋሼ በዲስኩ ይቁረጥ። ጎን ለጎን እንያቸው። ካልተሰነጠቀ «ሙቀቱ ይበቃል» ማለቴን ትቀበላላችሁ?

የከዚራው፦
አንቀበልም። ትርፉ ዳር አንድ ቀን አልተሰነጠቀም ማለት ካኖፒው ዓመት በረራ ይችላል ማለት አይደለም። ደግሞ ትርፉ ከካኖፒው ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ስንጥቅ ከተነሳ መስመርህ ላይ ይቆማል ያለህ ማነው? መጀመሪያ በዲስክ ይለይ፣ ከተለየ በኋላ እንደፈለግህ ሞክርበት።

ሳቢያን፦
በዲስክ ከተለየ በኋላማ የእኔ ሙከራ ምን ሊያሳይ ነው! አስቀድማችሁ ፈርዳችኋል።

ጀጎል፦
ማን እንደሚቆርጥ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት የቀዳዳውን ስፋት ማን እንደሚወስን ንገሩኝ። ለእሱ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።