የድሮ ኮሮላ ውሃ ይቀንሳል፣ ፍሳሹ ግን አይታይም

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ1990 እ.ኤ.አ. ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ ፎር ኤ። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ትቀንሳለች፤ የቧንቧ ውሃ እየጨመርኩ ነው የምነዳው። ጠዋት ከሥሯ የረጠበ ነገር የለም። ከለገሃር ቸርችልን ወደ ላይ ስወጣ፣ መንገዱ ከተጨናነቀ፣ የሙቀት መርፌው ከመሃል ከፍ ይላል። ሳጠፋት ጣፋጭ ሽታ አለ። መካኒኩ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ይውረድ» ብሏል። ከዚያ በፊት ምን ላረጋግጥ?

ቺንጊያ፦ ለቴስታታ አትቸኩል ወንድሜ። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከሌለ፣ ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ካልወጣ፣ ጠዋት እንደተነሳች ወዲያው የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ካልጠነከረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውጭ ፍሳሽ ነው። መሬት ላይ ጠብታ የማታየው ጥቂቱ ውሃ የጋለ ብረት ላይ ስለሚተን ነው። የሚተወው ደረቅ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ነው፤ እሱን ፈልግ።

ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ ሂድና በክዳኑ ቦታ ያስገጥሙልህ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.9 ባር፣ ሞልታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ግፊቱ ከዚያ አይለፍ፤ ያረጀ ራዲያተር ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የመሞከሪያው መርፌ ከወረደ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት የማኒኮቶዎቹን አንገት፣ የቴርሞስታቱን (ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን) ቤት፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና አልሙኒየም የሚገናኙበትን፣ የዋተር ፓምፑን ሥር ተመልከት። ብሎኩ ላይ ከማኒፎልዱ ጀርባ የተደበቁ ክብ ታፖዎችም (የብረት ድፍኖች) አሉ። ብዙ ሰው አያያቸውም፤ ለዓመታት ባዶ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ሞተር ላይ ግን ዝገት ከውስጥ ይበሳቸዋል። የተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ የሚያፈሰው ሂተሩ ነው።

ለገሃር 82፦ የራዲያተሩ ክዳንም ይታይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ 82 ላይ የሚከፈት ከሆነና ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ በመሃል ያለህ 10 ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 ባር ከያዘ ግን ባዶ ውሃ እንኳ 110 ላይ አይፈላም። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ቀይረው፤ ቁጥሩ ያው ይሁን። ሞተሩ እንደጋለ በፍጹም አትክፈተው!

ጠያቂ፦ አስሞከርኩ። 15 ደቂቃ ሳይሞላ 0.6 ደረሰ። ከዋተር ፓምፑ ፑሊ ኋላ ቅርፊት አለ፣ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ይረጥባል። በኢፖክሲ ትደፈን?

ቺንጊያ፦ አትደፈንም። ቀዳዳዋ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፤ ውሃውን የሚይዘው የውስጥ ጎማ ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) ውስጥ ሳይገባ እንዲወጣ። ከደፈንካት ኩሽኔታው ዝጎ ፑሊው መንገድ ላይ ይነቀላል። ፓምፑ ይቀየር፣ ያውም በአዲስ። ሱማሌ ተራ ያገለገለ በርካሽ ታገኛለህ፣ ግን ደርቆ የቆየ ጎማ ውሃ ሲነካው መልሶ ያፈሳል። አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድ፤ የብሎኖቹን ቀዳዳና የፑሊውን መቀመጫ ጎን ለጎን አስተያይ።

ስትገጥም የድሮውን ጋርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ብረቱን ሳትቧጥጥ አጽዳ። ሲሊኮን ከተጠቀምክ እንደ ክር የቀጠነ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን በተራ፣ ፊት ለፊት እያደረግህ አጥብቅ። ማኒኮቶው ከተጣበቀ አትጎትተው፤ በርዝመቱ ቁረጠውና አዲስ ግዛ፣ የራዲያተሩ አንገት ከተሰበረ ወጪው ሌላ ነው።

ሰብለ መ.፦ ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ በጥብጥ። ለባትሪ የሚሸጠው ውሃ ይሆናል፤ አሲዱን እንዳታነሳ ግን ተጠንቀቅ። «አዲስ አበባ ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል» የሚሉህን አትስማ፤ ዝገቱን የሚከለክለው እሱ ነው። ፍሳሽ የሚደፍን ዱቄትም አትጨምር፣ ሂተሩን ይዘጋል።

ጠያቂ፦ ከሞላሁ በኋላ አየሩ እንዴት ይወጣል?

ሰብለ መ.፦ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁማት። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርግ፣ ክዳኑን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈትና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አስነሳ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው ማኒኮቶ ይሞቃል፣ ውሃውም ድንገት ዝቅ ይላል፤ ያኔ ጨምር። አረፋው ሲያቆም ክደን። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ደረጃውን እይ፤ ትንሽ ከጎደለ የቀረ አየር ነው፣ ሙላው። ቀን ቀን መጉደሉ ከቀጠለ ግፊቱን ዳግም አስሞክር።

ለገሃር 82፦ ግፊቱ ውጭ ምንም ሳይረጥብ ከወረደ ደግሞ፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን መመርመሪያውን ሰማያዊ ፈሳሽ የራዲያተሩ አፍ ላይ ያስይዙልህ። በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ቴስታታው የሚወርደው ያኔ ነው።