ታስራ የገባችውን ሴት ማን ይስማት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከመታሰራቸው በፊት ተደፍረው ለነበሩ ሴት ታራሚዎች፣ ጎጃም ውስጥ ባሉ ማረሚያ ቤቶች ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ ወይስ አይመደብ?

ከቡሬ፦ እኔ አልደግፍም። ጭካኔ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ የተደፈረች ልጅ ሐኪም ዘንድ የምትደርስበት መኪና ታጣለች። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም። ያለን ባለሙያ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ለእሷ ይድረስ።

ከደብረ ማርቆስ፣ ጠበቃ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ሴቶች አድርገህ አየሃቸው እንጂ አንዳንዴ አንዷው ናት። ጉዳዩ በሽምግልና ተዳፍኖ ዝም ትላለች። ሰውየው መንደር ውስጥ እየተንጎራደደ ይኖራል። አንድ ቀን እንደገና ሲመጣባት በያዘችው ትመታዋለች። ያኔ እሷ ተከሳሽ ትሆናለች።

አንዷን ሲመዘግቧት ቆሜ አይቻለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተከሰሰችበት ወንጀል። መዝጋቢው ወንድ ነው፤ ከኋላዋ ሰልፍ አለ። «ሌላ የምትይው አለ?» ሲላት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበችና ራሷን ነቀነቀች። እዚያ መሀል ምን ትበል?

ዝምታዋ ደግሞ ዓመታት ያስከፍላታል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 82 ከባድ በደል ደርሶበት በቁጣ ወይም በሥቃይ ውስጥ ሆኖ ላጠፋ ሰው ቅጣት ያቀላል። ካልተናገረች ዳኛው ከየት ያመጣዋል? የተባበሩት መንግሥታት በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የባንኮክ ደንብም ሴት ታራሚ ስትገባ የጤና ምርመራው የደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት እንዲያጣራ ይላል።

ከፍኖተ ሰላም፣ ነርስ ነኝ፦ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይምጣ ያለ የለም። ክሊኒክ ውስጥ ያለችውን ሴት ነርስ አሠልጥኑ፤ የሚዘጋ በር ስጧት። ታካሚዋን ይዞ የመጣው ጥበቃ እዚያው ቆሞ ከሰማ ግን ሥልጠናው ገደል ገባ። በመጀመሪያው ቀን ባትናገር በሳምንቱ ትጠየቅ፤ እምነት በአንድ ጊዜ አይመጣም።

ከቡሬ፦ እህቴ፣ በዚህስ እስማማለሁ። አዲስ የሥራ መደብ ግን አሁንም አልቀበልም፤ ባለሙያው ከገጠር ጤና ጣቢያ ተነሥቶ እንዳይሄድ እፈራለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እንግዲያው ጥያቄውን እንቀይረው። የነርሷን ሥልጠና ጤና ቢሮ ይክፈል ወይስ ማረሚያ ቤቱ? በዚህ ላይ ሐሳብ ስጡ።