«ድፍን ነገር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ ከብቸና፦ ባለፈው ሳምንት የእርሻ ድንበር ጉዳይ ይዤ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ ነበር። ተናግሬ ስጨርስ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አባት «ልጄ፣ ድፍን ነገር ይዘህ አትምጣ» ብለው አሰናበቱኝ። ድፍን ጎጃም ስንል አንድም ሳይቀር ሁሉም ማለታችን ነው፤ ድፍን ያለ መልስ ስንል ደግሞ ያልተብራራውን ማለታችን ነው። ታዲያ እኒህ አባት ነገርህን አብራራ ነው ያሉኝ ወይስ ሁሉንም ባንዴ አትጫንብን?

ዘዲማ፦ ቃሉ ከግእዙ «ደፈነ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ሸፈነ፣ ቀበረ፣ ሰወረ ነው። ስለዚህ ድፍን ነገር አሻሚ ነገር ነው። ግስ ያወረደ፣ ማለት የግእዝን ግሶች ከነትርጉማቸው ያጠና ሰው ይህን አይጠይቅም።

ባለአውድማ፦ ይቅርታ መምህር፣ አሻሚና ድፍን አንድ አይደሉም። አሻሚ ከሽሚያ ነው፤ ሁለት ትርጉሞች አንዱን ቃል ይሻሙታል። ባለዕዳዎ «ገና ነው» ቢልዎ፣ ጊዜው አልደረሰም ማለቱ ይሁን ለልደት እከፍላለሁ ማለቱ አይለይም፤ ቢሆንም ትርጉሞቹ ሁለት ናቸው፣ ይቆጠራሉ። «በቅርቡ» ቢልዎ ግን ትርጉሙ አንድ ሆኖ ዳርቻው ነው የጠፋው፤ ቅርብነቱ የሚያበቃው በስንተኛው ቀን ነው? ግሪካዊው ኢውቡሊደስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አነሣው የሚባለው የቁልል እንቆቅልሽም ይኸው ነው፦ ከእህል ቁልል አንዳንድ ፍሬ እያነሣን ብንሄድ፣ ቁልል መሆኑ የሚቀረው በየትኛው ፍሬ ላይ ነው? (በጤፍ የሚሞክረው ካለ ስንቅ ይያዝ።)

ዘዲማ፦ እርስዎ ኅብርን፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚይዝበትን የቅኔ መንገድ፣ ለእኔ ሊያስተምሩኝ ነውን? ባለሁለት ቤቱን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ስንዘርፍ ስንት ሌሊት እንዳደርን አላወቁም። ደግሞም «ገና» አንድ ቃል አይደለም፤ የበዓሉ ስም ልደት ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነውና፣ ሁለት ባዕዳን በአንድ ድምፅ ተገናኙ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የድፍን ግንዱ ግን አንድ ነው፤ ጉድጓድ ሲደፈን ሙሉ ይሆናል፣ ውስጡም አይታይም። ሁሉም ማለትና ስውር ማለት ከዚያ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

ምስር ነጋዴ፦ ግስ ባላወርድም ምስር እሸጣለሁ። ድፍን ምስር ማለት ያልተከካው ነው። አባትየው ነገርህን ከክተህ አምጣ ማለታቸው ይመስለኛል፤ ድንበሩ ለብቻ፣ የቆየው ቂም ለብቻ።

ዘዲማ፦ የወፍጮ ቤት ትርጓሜ ለጉባኤ አይቀርብም።

ባለአውድማ፦ እኔስ ምስሩን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን «ዳፈነ»ን ማን አነሣው? ረመጥ የሚዳፈነው እንዲጠፋ ሳይሆን ለነገ እንዲቆይ ነው፤ ድፍን ነገርም ሆነ ተብሎ የሚቆይ ሊሆን ይችላል።

ዘዲማ፦ ደፈነና ዳፈነ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በዚህ ላይ ነገ በሰፊው እጽፋለሁ።

ጠያቂ ከብቸና፦ እኔ የምቀርበው ቅዳሜ ነው። መልሱ ተገኘ?

ምስር ነጋዴ፦ ገና ነው።

ባለአውድማ፦ የትኛው ገና?