ተጨማሪ ቁልፍ ካስገጠምኩ በኋላ የክላርኔቴ የታችኛዎቹ ኖታዎች ጠፉ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦ ውድ አባላት፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይምከረኝ። ተጨማሪ ቁልፍ ተገጥሞለት ክላርኔቴን ከተረከብኩ ጀምሮ የታችኛዎቹ ኖታዎች አይወጡልኝም። ከኤ ወደ ላይ ያለው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው፤ ጂ ግን ትንፋሽ ብቻ ይሆናል፣ ኤፍና ኢ ፈጽሞ የሉም። የገጠመልኝ ባለሙያ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። ቅዳሜ ማታ ዝግጅት አለብን። እንጨቱ ሲበሳ ተሰንጥቆ ይሆን?

ትዝታ ሜጀር፦ ፓዶቹ (ቀዳዳዎቹን የሚዘጉት ለስላሳ ክዳኖች) አርጅተው ይሆናል። ሁሉንም ቀይራቸው።

ስድስት ቀለበት፦ ወንድሜ፣ የትኛው ቁልፍ እንደተጨመረ ካልነገርከን በምን እንመርምረው? ክላርኔቱስ የእንጨት ነው ወይስ የፕላስቲክ?

ጠያቂ፦ በግራ እጅ ትንሿ ጣት የሚነካ የኢ-ፍላት ቁልፍ ነው። ክላርኔቱ የእንጨት፣ ባለ 17 ቁልፍና ባለ 6 ቀለበት የቦህም ሥርዓት (የተለመደው የቁልፎች አደራደር) ነው።

ነጋሪት፦ ከመፍትሔው በፊት ይህ ቁልፍ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ክላርኔት ተጫዋቹ ኢዋን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1812 ባለ 13 ቁልፍ ክላርኔቱን ለፓሪስ ኮንሰርቫቷር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ሲያቀርብ፣ ገምጋሚዎቹ በአንድ ክላርኔት ሁሉን መጫወት ከተቻለ በየቅኝቱ የተሠሩት ክላርኔቶች ልዩ ልዩ ቃና ይጠፋል ብለው ሳይቀበሉት ቀሩ። በኋላ የክላርኔት መምህሩ ክሎዜ ከመሣሪያ ሠሪው ቡፌ ጋር ሆኖ ዛሬ የምንይዘውን የቦህም ሥርዓት ሲያበጅ፣ ኢ፣ ኤፍና ኤፍ-ሻርፕ በሁለቱም ትንንሽ ጣቶች እንዲነኩ አደረገ። ኤ-ፍላት፣ በላይኛው ክልል ኢ-ፍላት የሚሆነው፣ ለቀኝ ጣት ብቻ ተተወ። የአንተ 18ኛ ቁልፍ የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው።

አምባሰል፦ እኔ ግን በመጀመሪያ ነገር ጤነኛ እንጨት መበሳቱን አልደግፍም። ሁለቱን ትንንሽ ጣቶች በየተራ ማሠራት በደንብ የተለማመደ ሰው ይህ ቁልፍ አያስፈልገውም።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስ። ኢ-ፍላት፣ ሲ፣ ዲ-ፍላት፣ እንደገና ኢ-ፍላት የሚል ሐረግ በፍጥነት ሲመጣ፣ በየተራ ብንነካም አንዱ ጣት ከቁልፍ ወደ ቁልፍ መንሸራተቱ አይቀርም። የቅዳሜው ሥራችን ደግሞ ይህንን ሐረግ ይደጋግመዋል።

ትዝታ ሜጀር፦ ከላይ እንዳልኩት ነው፤ ፓድ ቀይር።

ጥገና ቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እባክህ ፓድ ለመቀየርም ሆነ ሙጫ ለማፍሰስ አትቸኩል። ከኤ በላይ ደህና ሆኖ ከጂ ወደ ታች ከጠፋ፣ አየሩ የሚያመልጠው በኤ-ፍላት ቀዳዳ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ይህ ፓድ በሞላ ጉልበት ተዘግቶ የሚቆይ ነው። የተጨመረልህ ቁልፍ ዘንግ ጫፉ በነባሩ ቁልፍ ላይ ካረፈና ከሥሩ የተለጠፈው ቡሽ ከወፈረ፣ ማንም ሳይነካው ፓዱን በትንሹ ከፍቶ ይይዘዋል፤ በዓይን ላይታይ ይችላል። ከሲጋራ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ በፓዱ ሥር አስገባና በቀስታ ሳብ፤ በዙሪያው ሁሉ መያዝ አለበት። በአንድ በኩል ልቅ ከሆነ፣ አዲሱን ዘንግ ብቻ ቪቴውን ፈትተህ አውጣውና ንፋ። ነባሩ የቀኝ ቁልፍ ያለ እሱ ይሠራልና ምንም አትጎዳም። ኖታዎቹ ከተመለሱ፣ ዘንጉ ሲመለስ በእሱና በነባሩ ቁልፍ መካከል ለዓይን የምትታይ ቀጭን ክፍተት እስክትገኝ ድረስ ቡሹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት በጥቂት አሳሳው። ስንጥቅ የሰጋኸውን ለማረጋገጥ ደግሞ የታችኛውን ክፍል ለብቻው ወደ ብርሃን አቅንተህ ውስጡን ተመልከት፤ አዲሱን ቁልፍ የያዙት ምሰሶዎች ጫፍ ወደ ውስጥ ብቅ ካለ የተበሳላቸው ቀዳዳ ከመጠን በላይ ጠልቋል፣ ያንን ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው።

ዋሽንት ወዳጅ፦ እግረ መንገዴን ልጠይቅ፤ ከመጨረሻዋ የታች ኖታ ከኢ በታች ኢ-ፍላት የሚያወጣ ቁልፍስ እንዲሁ ማስገጠም ይቻላል?

ስድስት ቀለበት፦ ያኛው በቁልፍ ብቻ አይሆንም፤ ቱቦው ራሱ መርዘም አለበት። እሱ ያለው የቢ-ፍላት ክላርኔት ለኤ ክላርኔት (ከቢ-ፍላቱ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ለተቃኘው) የተጻፈውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው ኖታ ለመጫወት ያስችላል።

ጠያቂ፦ ጥገና ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንጉን አወጣሁት፤ ጂና ኤፍ ወዲያው ተመለሱ። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅም አላየሁም። ኢ ግን አሁንም ይንሾካሾካል።

ጥገና ቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እንግዲህ ሁለተኛ ማምለጫ አለ ማለት ነው። የኢ ቁልፍ ሲጫን የኤፍንም ፓድ አብሮ መዝጋት አለበት፤ ሁለቱን የምታያይዘው ትንሽ ብረት ቁልፎቹ ሲፈቱና ሲገጠሙ በቀላሉ ትጣመማለች። ኢን ጫንና ወረቀቱን በሁለቱም ፓዶች ሥር ተራ በተራ ሞክር። በኤፍ በኩል ልቅ ከሆነ ብረቷን በጣትህ አታቅናት፣ ትሰበራለች፤ ለጊዜው በመገናኛው ላይ ስስ ወረቀት ለጥፍበትና እንደገና ንፋ።