በቆሎዬን ዱቄት ያደረገው ጥንዚዛ ምንድን ነው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከሐረር ነኝ። ጎተራ ያስገባሁት በቆሎ ከነቆረቆንዳው እየተቦረቦረ ዱቄት ብቻ እየሆነ ነው። የለመድነው ነቀዝ እኮ አፉ እንደ ኩምቢ ይሾላል። ይሄኛው ግን ድብልብል ያለ ነው፣ ከላይ ሲያዩት ጭንቅላቱ አይታይም፣ ኋላው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፣ የጎተራውን እንጨት ሳይቀር በስቶታል! ከመካከለኛው አሜሪካ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ታንዛኒያ የገባው ቦርቧሪ እንዳይሆን በጣም ሰግቻለሁ። ለማረጋገጥ የፌሮሞን ወጥመድ (ጥንዚዛውን በሽታ ስቦ የሚይዝ) ከየት ላግኝ? ሽታው ሌሎቹንም እንዳይጠራብኝ ከጎተራው ምን ያህል ላርቀው? ደግሞ የቦርቧሪውን እጭና እንቁላል የሚበላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ቶጎ ውስጥ የተለቀቀ ቴሬትሪየስ የሚባል አዳኝ ጥንዚዛ አለ። እሱን እዚህ አገር የሚያውቅ ባለሙያ ካለ፣ የዱቄት መድኃኒት ብነሰንስ አዳኙንም ይፈጀዋል ወይ? የልጆቼ ቀለብ ነውና ቶሎ መልሱልኝ።